እስክንድርያን ሳታዩ ከግብፅ አትመለሱ

ከጎንደር ግብፅ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ካይሮ ያርፋል። ፒራሚዱን ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ለቤተሰብ ዕቃ ይገዛል፣ ይመለሳል። እስክንድርያን አይቶ የመጣ ሰው ግን ፈልጌም አላገኝም። ይሄ ነገር በጣም ያስቆጨኛል። ለእኛ ለጎንደር ሰዎች ከፒራሚዱ ይልቅ የምትቀርበን እሷ ናትና። አቡን ቤት የምንለው ሰፈራችን የማን ሰፈር ነበር? ከእስክንድርያ መንበር ተሹመው የሚመጡት ጳጳሳት የሚቀመጡበት ነበር። ለጥምቀት የፋሲለደስን መዋኛ የሚሞላው የቀሃ ውሃስ የት ይደርሳል? ከመገጭ ጋር ሆኖ ጣና ይገባል፣ ከጣና በዓባይ ይወጣል፣ በረሃውን ሁሉ አቋርጦ ከእስክንድርያ ብዙም በማይርቅ ቦታ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል።

ሥራዬ እዚሁ ጎንደር እንግዳ ማስጎብኘት ነው። አዲስ ከተማ ስገባ የማስበው የት እንደሚጀመር፣ የት ጋ ረጋ እንደሚባል፣ የቱን ማለፍ እንደሚቻል ነው። ይሄንም የምጽፈው በዚያው ዓይን ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከካይሮ እስክንድርያ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በባቡር ሂዱ። ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ መንገዱም ዴልታውን፣ ዓባይ ተከፋፍሎ ባሕር የሚገባበትን ሜዳ፣ አቋርጦ ስለሚያልፍ ግራና ቀኝ እርሻ፣ ቦይ፣ ተምር፣ እንደገና እርሻ ነው። ያን ጥቁር አፈር ልብ ብላችሁ እዩት። ብዙው ከእኛ ደጋ ታጥቦ የወረደ ነው። ባቡሩ እስክንድርያ ሲገባ መጀመሪያ ሲዲ ጋብር ይቆማል፣ የመጨረሻው ምስር ጣቢያ ነው። መሀል ከተማ የምታርፉ ከሆነ እስከ መጨረሻው ሂዱ።

ካይሮ ያሉ አስጎብኚዎች በአንድ ቀን ደርሶ መልስ እንውሰዳችሁ ይላሉ። እኔ አልመክርም። ግማሹ ቀን መኪና ውስጥ ያልቃል፣ የቀረው ደግሞ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው በሩጫ ነው። ቢያንስ ሦስት ሌሊት እደሩ። ራምል ጣቢያ አካባቢ አሮጌ ፎቆች ላይ ያሉ ሆቴሎች አሉ። ሊፍታቸው ያረጀ ነው፣ ክፍላቸውም ቀላል ነው፣ መስኮቱ ሲከፈት ግን ባሕሩ ፊት ለፊት ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የባሕር ዳር አየር መጀመሪያ ይከብዳል። ቆዳችሁ ላይ የሚጣበቅ እርጥበት አለው፣ ጨዋማ ነው፣ ልብስ ቶሎ አይደርቅም። በማግስቱ ትለምዱታላችሁ።

መጀመሪያ ቃይትባይ ምሽግ ሂዱ። ባሕሩ ውስጥ ወጣ ብሎ የቆመ፣ አራት ማዕዘን፣ ወፍራም ግንብ ነው። ሱልጣን ቃይትባይ ማሠራት የጀመረው በ1477 ነው። ከእኛ ፋሲል ግንብ በ160 ዓመት ገደማ ይቀድማል ማለት ነው። የቆመበት መሬት ግን ከእሱም በፊት ስም ያለው ነው። የፋሮስ መብራት የነበረው እዚያ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ280 ገደማ የተሠራ፣ ከ100 ሜትር በላይ ከፍታ የነበረው፣ ከጥንቱ ዓለም ሰባት ድንቆች አንዱ። ከ1,500 ዓመት በላይ ቆሞ መርከብ ሲመራ ኖሯል። በ1303 እና በ1323 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶት ፈረሰ። ቃይትባይ ከወደቀው ድንጋይ የሚሆነውን አንስቶ ምሽጉን ሠራበት። በሩ ጋ ስትደርሱ ከነጩ ድንጋይ መሀል ቀይ ግራናይት ታያላችሁ። እሱን በእጃችሁ ንኩት።

ምሽጉም የራሱን ጠባሳ ይዟል። በ1882 እንግሊዞች ከመርከብ በመድፍ ደብድበውታል። እኛም ጋ በ1941 ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ የእያሱን ግንብ ጎድቷል። በየቀኑ እንግዳ ይዤ የማልፍበት ቁስል ስለሆነ እስክንድርያ ላይ የተጠገነውን ግድግዳ ሳይ ልቤ እዚህ ነበር። የእያሱ ግንብ ከዚያም በፊት በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ነክቶታል። ሁለቱም ከተማ ግንቡን ያጣው በመሬትም በሰውም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ የመለሱት ሰብዓ ሊቃናት ሥራቸውን የሠሩት በዚህ በፋሮስ ደሴት ላይ ነው የሚል ጥንታዊ ትረካ አለ። የእኛ የግዕዝ ብሉይ ኪዳን የተተረጎመው ከእነሱ ትርጉም ነው። ጎንደር ላይ ላይ ቤት ታች ቤት እየተባለ ስንት ሊቅ ዕድሜውን የጨረሰበት የትርጓሜ ትምህርት መነሻው እዚያ አለት ላይ ነው ብላችሁ አስቡት። ፋሮስ ዛሬ ደሴት አይደለችም። በጥንት ጊዜ ከየብስ ጋር የሚያገናኝ የድንጋይ መንገድ ተሠራ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ አሸዋና ደለል ተከማቸ፣ አሁን ከተማው ላዩ ላይ ነው።

ከምሽጉ ወጥታችሁ በእግር ስትመለሱ አንፉሺ ነው። እዚህ አትቸኩሉ። ባሕሩ ዳር የእንጨት ጀልባ የሚሠሩበት ቦታ አለ። የጀልባው ጎድን አጥንት ብቻ ቆሞ ታዩታላችሁ፣ አናጢዎቹ ከታች ሆነው አንዱን ሳንቃ ከሌላው ጋር ያጋጥማሉ፣ የእንጨት ፍቅፋቂውና የቀለሙ ሽታ ከዓሣው ሽታ ጋር ይቀላቀላል። የጣናን የደንገል ታንኳ ሲታሰር ያየ ሰው እዚያ ቆሞ ቢውል አይሰለቸውም።

ዓሣውም እዚያው ነው። ምግብ ቤቶቹ በራቸው ላይ ዓሣውን በበረዶ ላይ ደርድረው ያስቀምጣሉ። እናንተ ትመርጣላችሁ፣ በኪሎ ይመዘናል፣ ከዚያ እንዴት ይሠራላችሁ ብለው ይጠይቃሉ። ቡሪ የሚባለውን በፉርሽካ አስጠብሱት። ዓሣው እንዳለ ከነቅርፊቱ በስንዴ ፉርሽካ ይንከባለልና እሳት ላይ ይደረጋል። ሲመጣ ከላይ ከሰል መስሎ ጠቁሯል። ያን ጥቁሩን ቅርፊት በጣታችሁ ስትገፉት በአንድ ጊዜ ይላቀቃል፣ ውስጡ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ጭማቂው ያልደረቀ ሥጋ ነው። ሎሚና ከሙን ብቻ ነው የሚፈልገው። ሌላው አሠራር ሲንጋሪ ነው፤ ዓሣው በጀርባው ተሰንጥቆ ተዘርግቶ ቲማቲም፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ላዩ ላይ ይሆንበታል። ሩዙ በሽንኩርት የጠቆረ ነው፣ ሰያዲያ ይሉታል። የጎርጎራ ቆሮሶ የለመደ አፍ የባሕር ዓሣ ጣዕም ትንሽ ይለይበታል፤ እኔ ወድጄዋለሁ። ዋጋውን ግን ሳይጠበስ በፊት ተነጋገሩ።

ከሁሉም በላይ እኔን የያዘኝ ቦታ ከባሕሩ ራቅ ብሎ፣ ከመሬት በታች ነው። ኮም ኤል ሹቃፋ። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ የመቃብር ቤት ነው። የተገኘው በ1900 ነው፤ የአንድ አህያ እግር መሬቱን በስቶ ገባ፣ ሰዎች ሲያዩ ከታች ጉድጓድ ነው። ክብ ደረጃ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። አስከሬኑ በመሀሉ ባለው ክፍት ቦታ በገመድ ነበር የሚወርደው፣ ዘመዶቹ በደረጃው ዙሪያ እየተከተሉ። የመጨረሻው ወለል ለብዙ ዘመን ውሃ ገብቶበት የኖረ ነው። ሁለተኛው ግን ይበቃል።

ከታች እንደወረዳችሁ በግራ በኩል አንድ ሰፊ ክፍል አለ። በሦስት በኩል ከአለቱ የተፈለፈለ መቀመጫ አለው። ሟቹን ሊያስቡ የመጡ ዘመዶች እዚህ ተጋድመው ይበሉ ነበር። የበሉበትን ሸክላ ወደ ቤት አይመልሱትም፤ እዚያው ሰብረው ይሄዳሉ። የተሰበረው ሸክላ ላዩ ላይ ተከምሮ ኮረብታ አክሎ ነበር። እኔ እዚያ መቀመጫ ፊት ቆሜ ያሰብኩት ተዝካር ነው። ድንኳኑ፣ ሰፌዱ፣ ጠላው፣ ለነፍስ ይማር ተብሎ የሚቆረሰው እንጀራ። ሃይማኖቱ ሌላ፣ ዘመኑ ሌላ፣ ሙታንን በማዕድ ማሰብ ግን አንድ ነው።

ወደ ዋናው መቃብር ስትገቡ በሩን የሚጠብቁ ሁለት እባቦች አሉ። ከውስጥ የውሻ ራስ ያለው የግብፆች አኑቢስ ቆሟል። የለበሰው ግን የሮማ ወታደር ጥሩር ነው። ጎራዴ ታጥቋል። ግብፃዊው፣ ግሪኩና ሮማዊው አንድ ከተማ ውስጥ ሲኖሩ እምነታቸውም ልብሳቸውም እንዴት እንደተቀላቀለ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላየሁም። ሙዚየም ገብታችሁ መቶ ጽሑፍ ከምታነቡ ይሄን አንድ ቅርጽ ረጋ ብላችሁ እዩ። ጠዋት እንደተከፈተ ግቡ፤ ቡድን ይዘው የሚመጡ ሲበዙ ጠባብ ነው።

ከዚያ ትንሽ ሄድ ብሎ ፈረንጆች የፖምፔ ዓምድ የሚሉት አለ። ስሙ የተሰጠው በስሕተት ነው፤ ዓምዱ የቆመው ለሮማው ንጉሥ ለዲዮቅልጥያኖስ ነው። ከነመሠረቱ ወደ 27 ሜትር ይሆናል። ከሮም የተመለሰው የአክሱም ሐውልት 24 ሜትር ስለሆነ በዓይናችሁ መገመት ትችላላችሁ። ዓምዱ ክብ ነው፣ ግንዱ አንድ ወጥ የአስዋን ግራናይት ነው። አብዛኛው ቱሪስት ሁለት ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። እኛ ግን ዲዮቅልጥያኖስን እናውቀዋለን። ክርስቲያኖችን ያስፈጀው እሱ ነው። ግብፆች ዓመተ ሰማዕታት ብለው የሚቆጥሩት እሱ ከነገሠበት ከ284 ጀምረው ነው፤ የእኛም የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ያውቁታል። ስሙን በስንክሳር እየሰማ ያደገ ሰው ሐውልቱ ፊት ሲቆም ሌላ ነገር ይሰማዋል።

ዓምዱ የቆመበት ቦታ የሴራፒስ ቤተ ጣዖት ነበር። በ391 ፈርሷል። በጊዜው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ቴዎፍሎስ ነበሩ። ይሄን ስም ጎንደር ላይ የማያውቅ የለም፤ ኅዳር 6 ቀን ቁስቋም ስትነግሥ የሚነበበው የእመቤታችን የስደት ታሪክ የሚነገረው በእሳቸው ስም ነው። እቴጌ ምንትዋብ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ሲያሠሩ ይሄን ታሪክ ይዘው ነው።

የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል መሀል ከተማ ነው፣ ከራምል ጣቢያ በእግር ይደረሳል። በ2017 በሆሳዕና ዕለት በሩ ላይ ፍንዳታ ደርሶ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ፍተሻው ጠንካራ ነው፤ ፓስፖርት ያዙ። ከኢትዮጵያ ነኝ ስትሉ ፊታቸው ይበራል። ምእመናኑ ጫማ አድርገው ሲገቡ ብታዩ አትደንግጡ፤ ለቁርባን ሲቀርቡ ያወልቃሉ። ሕንፃው ራሱ ብዙ ዕድሜ የለውም። ክብሩ ያለው በመንበሩ ነው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተሹመው የመጡት ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ነው። ከ14ቱ ቅዳሴያችን የአትናቴዎስ፣ የቄርሎስና የዲዮስቆሮስ አሉ፤ ሦስቱም በዚህ መንበር የተቀመጡ ናቸው። ፓትርያርኮቹ ከ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ መኖሪያቸውን ወደ ካይሮ ቢያዛውሩም ማዕረጋቸው እስከ ዛሬ የእስክንድርያ ነው። ከዚያ መንበር የተላኩት አቡነ ሰላማ ናቸው በ1855 ደረስጌ ማርያም ላይ አፄ ቴዎድሮስን የቀቡት።

ስመለስ ሰፈራችን ያሉ አንድ መሪጌታ ጠርተው ጠየቁኝ።

«የማርቆስን መንበር አየኸው?»

«አዎ የኔታ፣ ገብቼ ተሳልሜያለሁ።»

«ሕዝቡስ? ያስቀድሳል?»

«ሞልቶ ነበር የኔታ። ሕፃናቱ ሳይቀሩ አብረው ያዜማሉ።»

«ተመስገን» አሉ። ስለ ባሕሩም ስለ ምሽጉም አንድ ጥያቄ አልጠየቁኝም።

አሁን ደግሞ ማንም መጽሐፈ መንገድ ለኢትዮጵያዊ ብሎ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። መንሺያ አካባቢ የቅድስት ካትሪን የካቶሊክ ካቴድራል አለ። የጣሊያኑ ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ሦስተኛ ተቀብሮ የኖረው እዚያ ነው። በ1936 ሀገራችን ስትወረር የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነኝ ያለው ሰውዬ። ፒያሳችን ላይ ያሉት ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ የተሠሩት በእሱ ዘመን ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን ጦር በመጨረሻ እጁን የሰጠውም እዚሁ ጎንደር ነው፣ ኅዳር 1941። ንጉሡ በ1946 ዙፋኑን ለቅቆ ወደ እስክንድርያ ተሰደደ፣ በታኅሣሥ 1947 እዚያው ሞተ። አፅሙ ወደ ጣሊያን የተወሰደው በ2017 ነው። ሰባ ዓመት ሙሉ በስደት ምድር ማለት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ በሰኔ 1940 ከእንግሊዝ ተነስተው ወደ ሱዳን ሲያልፉ ያረፉት በዚሁ ከተማ ነው፣ ባሕር ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን። ከወራት በኋላ ሱዳን ድንበር ባለችው ኦሜድላ ላይ ባንዲራ ሰቀሉ። አንዱ ለመመለስ ያለፈበት ከተማ ሌላው ሳይመለስ የቀረበት ሆነ። ይሄን ታሪክ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ቢማሩት ደስ ይለኛል።

አዲሱ ቤተ መጻሕፍት በ2002 ነው የተከፈተው። ከውጭ ሲታይ ወደ ባሕሩ ያዘነበለ ትልቅ ክብ ነው፣ ስፋቱ 160 ሜትር። ግድግዳው የአስዋን ግራናይት ሆኖ 120 ከሚሆኑ የዓለም የጽሕፈት ዓይነቶች የተወሰዱ ፊደላት ተቀርጸውበታል። ከፊት ለፊቱ ከባሕር ሥር የወጣ ግዙፍ የንጉሥ ሐውልት ቆሟል። ከ1994 ጀምሮ ጠላቂዎች በቃይትባይ ዙሪያ ውሃ ውስጥ ሲፈልጉ ያገኙት በሺህ የሚቆጠር የድንጋይ ብሎክና ሐውልት አለ። ከውስጥ የንባብ አዳራሹ እንደ እርከን እየወረደ ይሄዳል፤ 2,000 አንባቢ ይይዛል። ያስገረመኝ ግን አንባቢው ነው። ቱሪስቱ ከላይ ቆሞ ፎቶ ያነሳል፣ ከታች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፑን ዘርግቶ ለፈተና ያጠናል። ቅርስ የሚሆነው ነገር እንዲህ ሲሠራበት ደስ ይላል። የብራና ሙዚየሙን ማየት አትርሱ፤ ከጎንደር ሄዶ ብራናን የሚያልፍ የለም መቼም።

ኮም ኤል ዲካ ያለው የሮማ ቲያትር ቆንጆ ነው፣ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። የግሪክና የሮማ ሙዚየም በ1892 የተቋቋመ ነው፣ በ2005 ተዘግቶ በ2023 ነው የተከፈተው፤ ሙዚየም የምትወዱ ግማሽ ቀን ስጡት። ሞንታዛ ንጉሣዊ አትክልት ሥፍራ ነው። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ሂዱ፣ ካልሆናችሁ ይቅር።

ምሽቱ የኮርኒሹ ነው። ከቃይትባይ እስከ ሞንታዛ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ባሕሩን ተከትሎ የሚሄድ መንገድ ነው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከተማው በሙሉ ይወጣል። ቤተሰቡ ግንቡ ላይ ይቀመጣል፣ የተጠበሰ በቆሎ ይሸጣል፣ ሻይ ይዞራል፣ ወጣቱ ሁለት ሁለት ሆኖ ባሕሩን ያያል። እናንተም ቁጭ በሉ። ገንዘብ አያስወጣም። መንገዱን ማቋረጥ ግን ከባድ ነው፣ መኪናው አይቆምም፤ የአገሩን ሰው ተከትላችሁ ተሻገሩ። ሲርባችሁ የእስክንድርያ ጉበት አለ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ተጠብሶ ዳቦ ውስጥ ይገባል። የሚጾም ደግሞ አይቸገርም። ፉሉም፣ ከተፈጨ ባቄላ የሚጠበሰው ጠዓሚያም በየመንገዱ አለ፣ ያለ ቅቤ።

ባሕር ውስጥ መግባት ከፈለጋችሁ ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ አትግቡ። ከደጋ የሄደ ሰው ማዕበሉን አያውቀውም፣ ከታች ይስባል። ሸሸግ ያለ የባሕር ዳር ምረጡ፣ ወገባችሁ ድረስ ብቻ።

አንድ ቀን ለራሺድ ይኑራችሁ። ከእስክንድርያ ወደ ምሥራቅ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሚኒባስ ይኬዳል። በ1799 የፈረንሳይ ወታደሮች ያገኙት፣ የጥንት ግብፅን ጽሑፍ ለማንበብ ቁልፍ የሆነው ድንጋይ የዚህች ከተማ ነው፤ ዛሬ ያለው ለንደን ነው። በቀይና በጥቁር ጡብ የተሠሩ የቱርክ ዘመን ቤቶች አሏት፣ የመስኮታቸው እንጨት ሥራ ዓይን ይይዛል። እኔ የሄድኩት ግን ለውሃው ነው። ጀልባ ተከራይታችሁ ወደ ታች ከወረዳችሁ የዓባይ ምዕራባዊ ቅርንጫፍ ባሕሩን ይገናኛል። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ከደጋችን የሚሄደው ደለል እዚያ አይደርስም፤ ደለሉ ስለቀረ ባሕሩ የብሱን እየበላው ነው፣ በድንጋይ ግንብ አጥረውታል። የእኛ ሰው አፈሩ ሲሄድበት ያዝናል፣ እዚያ ደግሞ ስላልመጣ ያዝናሉ። ጀልባ ቀዛፊው ከየት እንደመጣሁ ሲሰማ ስለ ሕዳሴ ግድብ አነሳ። ታክሲ ውስጥም ይነሳል፣ ካፌም ይነሳል። እኔ ሳልቆጣ ከውሃው መነሻ አካባቢ እንደሆንኩ፣ እናቶቻችን አሁንም በኩራዝ የሚያመሹበት ገጠር እንዳለ ነገርኩት። እሱም ስለ እርሻው ነገረኝ። ተጨባብጠን ተለያየን። ጥያቄው እንደሚመጣ አውቃችሁ ሂዱ፣ በጨዋነት መልሱ።

የመጨረሻው የቅዱስ ሚናስ ገዳም ነው። ከእስክንድርያ ወደ ደቡብ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ በረሃ ውስጥ ነው። ጥንታዊው የተሳላሚዎች ከተማ አቡ ሚና ፈርሶ መሠረቱ ነው የቀረው። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1979 ነው፣ ፋሲል ግቢ በተመዘገበበት ዓመት። የከርሰ ምድር ውሃ መሠረቱን ስላሰጋው ከ2001 ጀምሮ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ነበር፣ በ2025 ወጣ። ከጎኑ ያለው አዲሱ ገዳም ሕያው ነው። እዚያ ያረፉት ፓትርያርክ ቄርሎስ ስድስተኛ ናቸው፤ በ1959 አቡነ ባስልዮስን የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ አድርገው የሾሙት። ከእስክንድርያ ጳጳስ መቀበል የቀረበትን ታሪክ የፈጸሙት አባት መቃብር ነው ማለት ነው። ገብታችሁ ተሳለሙ።

ስለ ጊዜው ከጠየቃችሁኝ ኅዳር ነው። በሐምሌና በነሐሴ ካይሮ በሙሉ ወደ ባሕሩ ይወርዳል፣ ማረፊያም ይወደዳል። ዝናባቸው ደግሞ በእኛ በጋ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ማዕበሉ ኮርኒሹን ተሻግሮ መንገድ ላይ ይፈስሳል፣ ካፖርት ያስፈልጋል። ኅዳር 6 ቁስቋምን እዚህ አንግሡ፣ ከዚያ ተነሱ። ኅዳር 15 የቅዱስ ሚናስ በዓል ነው፣ በእነሱም ቀኑ ያው ነው፣ ገዳሙ ይሞላል። ጾመ ነቢያትም የሚገባው በዚያው ዕለት ስለሆነ ከዓሣው ቀደም ብላችሁ ጥገቡ። በብዙ የቅርስ ቦታ ትኬት የሚቆረጠው በካርድ ስለሆነ ውጭ ሀገር የሚሠራ ካርድ ከባንካችሁ አውጡ። ቪዛውን ደግሞ አዲስ አበባ ባለው ኤምባሲ በኩል ስለሆነ የምታገኙት መስከረም ላይ ጀምሩት።